ሣጥኑን ክፈቱት

እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ አንድ ዜና ዓለምን አዳረሰ። በሞስኮ የሚገኝ አንድ ከፍተኛ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ከ1987 እስከ 2015 ለገበያ የቀረቡ 2,322 የሌጎ፣ ማለትም በፕላስቲክ ጡብ የሚገጣጠሙ መጫወቻዎች፣ ስብስቦችን ዋጋ መርምረው ነበር። ምርታቸው የተቋረጠና ሣጥናቸው ያልተከፈተ ስብስቦች ዋጋቸው በአማካይ በዓመት 11 በመቶ ያህል እንደሚያድግ አገኙ። ጋዜጦቹ ከጥናቱ ውስጥ የመዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሌጎ ከወርቅ ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ ስለ ድሮ ሌጎ የሚነሣ ጨዋታ ሁሉ መነሻውም መድረሻውም ገንዘብ ሆኖ ቀረ።

እምነቱ ቀላል ነው። የሌጎ ኩባንያ አንድን ስብስብ ማምረት ሊያቆም ሲቃረብ ሁለት ሦስት ሣጥን መግዛት ነው። አንዱም አይከፈትም። ፀሐይና እርጥበት በማይደርስበት ቁም ሣጥን ይቀመጥና ከዓመታት በኋላ በእጥፍ ይሸጣል። ያልተከፈተው ሀብት ነው፣ የተከፈተው ግን ተራ መጫወቻ። ይህን የሚሉት ነጋዴዎች ብቻ ቢሆኑ ዝም ባልኩ። አሁን ግን ሌጎን እንወዳለን የሚሉት ሰብሳቢዎች ራሳቸው እንዲሁ ማሰብ ጀምረዋል። ሣጥን የከፈተ ሰው ሲያዩ ገንዘብ እንዳቃጠለ ሰው ያዝኑለታል።

እኔ ደግሞ ይህ አስተሳሰብ ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ። ምርቱ የተቋረጠ ስብስብ የሚያጓጓበት ምክንያት ያለው ጡቦቹ ውስጥና ጡቦቹ በሚያያዙበት ቅደም ተከተል ውስጥ ነው። እዚያ የሚደረሰው ደግሞ በመክፈት ብቻ ነው። ታሽጎ የኖረ ሣጥን ገና ያልተጀመረ ሥራ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢቀመጥም ሠላሳ ዓመት ያልተጀመረ ሥራ ነው።

በራሳቸው ሜዳ፣ በገንዘቡ፣ እንጀምር። ያው ጥናት አንዳንድ ስብስቦች በዓመት የዋጋቸውን ግማሽ ሲያጡ አንዳንዶቹ ደግሞ 600 በመቶ እንደሚያተርፉ ያሳያል። 11 በመቶ የሚባለው በእነዚህ መካከል የወጣ አማካይ ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ግን አማካይ አይቀመጥም። የሚቀመጠው አንድ የተወሰነ ሣጥን ነው፤ ከግማሹ ይሁን ከስድስት መቶው ማንም አስቀድሞ አያውቅም። ሣጥኑ ቦታ ይይዛል። ሲሸጥ የፖስታ ክፍያ አለው፣ የመሸጫ ድረ ገጹም ኮሚሽን ይቆርጣል። በመንገድ ላይ አንድ ማዕዘኑ ቢጎዳ ገዢው ዋጋ ያስቀንሳል። የባንክ ደብተር ማዕዘኑ ተጣመመ ብሎ የሚቀንስበት የለም።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ያልተከፈቱ ሣጥኖች ዛሬ እንዲህ የተወደዱት ለምንድን ነው? ጥቂት ስለሆኑ ነው። ጥቂት የሆኑት ደግሞ በዘመናቸው የተገዙት ሁሉ ማለት ይቻላል ስለተከፈቱ ነው። ልጆች በገና ማለዳ ክዳኑን ቀደዱት፣ ጡቡን ምንጣፍ ላይ ዘረገፉት፣ ከሌላው ጋር ቀላቅለው በአንድ ባልዲ ውስጥ ከተቱት። ያልተከፈተውን ብርቅ ያደረገው የከፈተው ልጅ ነው። ዛሬ ትልልቆቹን ስብስቦች የሚገዙት ብዙዎች አዋቂዎች ናቸው። አንድ ዓይነት ምክር አንብበው፣ አንድ ዓይነት ሣጥን ገዝተው፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ያስቀምጣሉ። ሁሉም ያስቀመጠው ነገር እንዴት ብርቅ ይሆናል? ጥናቱ የመረመራቸው ስብስቦች 2015 ላይ ያበቃሉ፤ ያ ዜና ራሱ ወደ ገበያው የጠራውን ሕዝብ ሊቆጥር አይችልም።

ኩባንያውም ለአስቀማጮች ቃል አልገባም። በ2008 ታጅ መሐልን በ5,922 ቁራጭ አወጣ። ምርቱ ከተቋረጠ በኋላ ያልተከፈተው ሣጥን በሺህ በሚቆጠር ዶላር ይሸጥ ነበር። በ2017 ኩባንያው ያንኑ ሕንፃ በ5,923 ቁራጭ መልሶ አወጣው። ልዩነቱ አንዲት ቁራጭ! በዚያው ዓመት በ2007 በ500 ዶላር ገደማ የወጣውን ትልቁን ሚሌኒየም ፋልከን፣ 5,195 ቁራጭ የነበረውን የስታር ዋርስ መርከብ፣ በ7,541 ቁራጭ አሳድጎ በ800 ዶላር ገደማ ለገበያ አቀረበ። የድሮዎቹ ሣጥኖች ዋጋ ወረደ። የድሮውን ገጣጥሞ በእጁ ይዞ የኖረ ሰው በዚያ ቀን የቀነሰበት ምንም ነገር አልነበረም። መርከቡ ትናንት እንደነበረው ነው። የከሰረው አስቀማጩ ብቻ ነው።

ፕላስቲክም ያረጃል። ሌጎ ከ1963 ጀምሮ ጡቡን የሚሠራበት ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ጠንካራ ነው፣ ዘላለማዊ ግን አይደለም። በ2010 አካባቢ በነበሩት ዓመታት የተሠሩ ቡናማና ጥቁር ቀይ ጡቦች ገና ሲነኩ የመሰንጠቅ ባሕርይ እንዳላቸው የሰብሳቢዎች ሁሉ እሮሮ ነው። ተሽከርካሪ ውስጥ የሚገቡት የላስቲክ ቀለበቶች ይደርቃሉ። የስቲከሩ ማጣበቂያ ከዓመታት በኋላ አይይዝም፣ ወረቀቱም ይላጣል። ሣጥኑ ስላልተከፈተ ውስጡ አዲስ ነው ማለት አይቻልም። የሚያስቆጨው ደግሞ ይህን ማረጋገጥ የማይቻል መሆኑ ነው። በብዙ ሺህ ብር ልዩነት የተገዛ ሣጥን ውስጥ ጡቡ ሙሉ ይሁን፣ ይሰንጠቅ፣ ስቲከሩ ይያዝ አይያዝ ለማወቅ መክፈት ያስፈልጋል። ሲከፈት ደግሞ ያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለበት ነገር ያበቃል። ገዢው የገዛውን ዕቃ እንዳያይ የሚከለክል ገበያ ጤነኛ ነው ብዬ አላምንም።

ገንዘቡን እዚህ ላይ ልተወው፤ ዋናው ነገር እሱ አይደለምና።

የቢሉንዱ አናጢ ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን በ1932 ዴንማርክ ውስጥ የጀመረው የእንጨት መጫወቻ ሥራ ወደ ዛሬው ጡብ የደረሰው በልጁ በጎትፍሬድ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1958 ጎትፍሬድ የጡቡን አያያዝ የፈጠራ መብት ለማስመዝገብ አመለከተ። ከላይ ክብ ጉብታ፣ ከሥር ባዶ ቱቦ፤ ጉብታው በቱቦውና በግድግዳው መካከል ገብቶ ይያዛል። ነገሩ ይኸው ነው። ከዚያ ዓመት ወዲህ የተሠራ ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ይገጥማል። ኩባንያው የቅርጽ ማውጫዎቹ ትክክለኛነት እስከ 0.004 ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይናገራል። አባት የተጫወተበት ጡብ ትናንት ከሱቅ በተገዛው ላይ ቀጥ ብሎ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ነው የአስቀማጮቹ አስተሳሰብ የሚወድቀው። መኪናም ሆነ ስልክ ምርቱ ሲቋረጥ መለዋወጫው ቀስ በቀስ ይጠፋል። የሌጎ ስብስብ ምርቱ ሲቋረጥ ግን የሚጠፋው ሣጥኑ ብቻ ነው። ጡቦቹ አብዛኞቹ በሌላ ስብስብ ውስጥ መመረታቸውን ይቀጥላሉ፤ የቀሩትም በዓለም ዙሪያ ባሉ ባልዲዎች ውስጥ አሉ። ሊጠፋ የሚችለው ንድፉ ነው፤ ያ ሰው እነዚያን ቁራጮች እንዴት እንዳሰባቸው። ንድፉ ግን መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ የሚነበበውም በእጅ ነው።

በ1978 የወጣውን ቢጫ ቤተ መንግሥት፣ ቁጥር 375ን፣ እንውሰድ። 767 ቁራጭ ነው። ኩባንያው በ2022 ያወጣው ቤተ መንግሥት ደግሞ 4,514 ቁራጭ አለው፤ እጅግ ያማረ ነው፣ አልክድም። በ1978 ግን በቅርጽ የተሠራ ፈረስ እንኳ አልነበረም። አንድ ወጥ የሌጎ ፈረስ የመጣው በ1984 ነው። ስለዚህ የቢጫው ቤተ መንግሥት ፈረሶች በጡብ የተገጣጠሙ ናቸው፤ ጥቂት ቁራጮች እንዴት ተቀምጠው አንገት፣ እንዴት ተቀምጠው ኮርቻ እንደሚሆኑ ሲገጣጥሙት ይታያል። የዚያ ዘመን ነዳፊ የነበረው ነገር ጥቂት ነው፤ በጥቂቱ ያደረገው ግን ብዙ ነው። ግድግዳው በማጠፊያ ተከፍቶ ውስጡ እንዲታይ፣ የመግቢያው ድልድይም እንዲወርድ አድርጎታል። ይህ ሣጥኑ ላይ በሥዕል ይታያል። በእጅ ካልተሠራ ግን ለምን እንዲያ እንደሆነ አይገባም።

ወይም የ1979ኙን የጠፈር መርከብ፣ ጋላክሲ ኤክስፕሎረርን። ነዳፊው የንስ ኒጎር ክኑድሰን ነበር፤ በ1978 የወጣውን ትንሹን የሌጎ ሰው የነደፈውም እሱ ነው። በ2020 አረፈ። መርከቡ 338 ቁራጭ ብቻ ነው። ሰማያዊና ግራጫ፣ መስኮቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ቢጫ፣ ሁለት ቀይ ሁለት ነጭ ጠፈርተኞች። ጀርባው ተከፍቶ ከሆዱ አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ትወጣለች። ይህች ተሽከርካሪ ሆዱ ውስጥ እንድትገባ መርከቡ ምን ያህል መስፋት እንዳለበት፣ ክንፎቹ ከየት መጀመር እንዳለባቸው፣ ሁሉም ነገር ከእሷ ይጀምራል። ያን የሚያውቀው የገጣጠመው ሰው ነው። በ2022 ኩባንያው የ90 ዓመት ልደቱን ሲያከብር ይህንኑ መርከብ በ1,254 ቁራጭ አሳድጎ አወጣው። ንድፉ ከአርባ ዓመት በኋላ የተነሣው፣ አንድ ትውልድ ስለገጣጠመው፣ ስላፈረሰው፣ ስላልረሳው ነው። ሣጥን ውስጥ የተቆለፈውን ንድፍ ማን ያስታውሰዋል?

ለእኔ ግን ክርክሩን የሚዘጋው የ1994ቱ ሱፐር ካር ነው፤ ቁጥር 8880። የቴክኒክ ዘርፍ መኪና ነው፣ 1,343 ቁራጭ። አራቱም ጎማ ይነዳል፣ አራቱም ጎማ በመሪ ይዞራል። ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ አለው። ሞተሩ ስምንት ሲሊንደር ነው፣ መኪናው ሲገፋ ፒስተኖቹ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ዲፈረንሻል ምን እንደሆነ መጽሐፍ ላይ ያነበበ ሰው ብዙ ነው። አንዱን ጎማ በእጁ አዙሮ ሌላው በተቃራኒ ሲዞር ያየ ግን ከዚያ ወዲያ አይረሳውም። ካምቢዮው በአንዱ ማርሽ ጥርስ ስህተት ከተገጠመ ይቆማል። የት እንደተሳሳቱ ለማግኘት ግማሹን ማፍረስ ያስፈልጋል፤ ትምህርቱ የሚገባውም ያኔ ነው። ይህ መኪና ታሽጎ ሲቀመጥ ከውስጡ ምን ይቀራል? ካምቢዮ የለም፣ ዲፈረንሻል የለም፣ መሪ የለም፤ ከረጢት ውስጥ የታሸጉ ጥርሶችና ዘንጎች አሉ። ከጨርቅ ወጥቶ የማያውቅ ክራር ዋጋው ከተመታው ይበልጣል የሚል ሰው ቢመጣ ማን ይሰማዋል?

አስቀማጮች እውቀታችን ከእናንተ ይበልጣል ይላሉ። የትኛው ስብስብ መቼ እንደሚቋረጥ፣ ዋጋው መቼ እንደሚነሣ ያውቃሉ። እውቀት ነው፣ የገበያ እውቀት። ከጡብ ጋር የኖረ ሰው እውቀት ግን ሌላ ነው። በ2004 አካባቢ ኩባንያው የግራጫውን ቀለም ቀየረ። የድሮው ግራጫ ሞቅ ያለ ነው፣ አዲሱ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። ቡናማውም አብሮ ተቀየረ። የድሮ መርከብ መልሶ የሚገነባ ሰው ሁለቱን ግራጫ መብራት ሥር አስቀምጦ ይለያል። የ1979ኞቹ ጠፈርተኞች የራስ ቁር አገጭ ሥር ቀጭን ማሰሪያ እንዳለው፣ የሚሰነጠቀውም እዚያው እንደሆነ ያውቃል። ያልተሰነጠቀ ሲያገኝ ይደሰታል። ፀሐይ ያሳረረውን ነጭ ጡብ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ዘፍዝፎ ያነጣል። የቆሸሸውን ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ያጥባል፤ ሞቃት ውኃ ያጣምመዋል። እስከ 1989 ድረስ የሌጎ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ፈገግታ እንደነበራቸው፣ ፊታቸው የተለያየው ጺማምና አንድ ዓይና የባሕር ወንበዴዎች ሲመጡ እንደሆነ ያውቃል። ከልዩ ልዩ ባልዲ የተቀላቀለ ጡብ ሲያገኝ ዘመኑን የሚነግረው ይህ ነው።

ይህን ፍለጋ የሚያቀልል መንገድም አለ። የተበታተኑ ቁራጮችን አንድ በአንድ የሚሸጡ ሰዎች የሚገናኙበት ብሪክሊንክ በ2000 ተከፈተ፤ በ2019 ኩባንያው ራሱ ገዛው። ከ1996 ወዲህ የወጡ ስብስቦች መመሪያ በኩባንያው ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል። ከዚያ በፊት የነበሩትንም ሰብሳቢዎች በፎቶ ጠብቀዋቸዋል። ማለት፣ ዛሬ ማንም ሰው 8880ን ያለ ሣጥን፣ ከቁራጭ ቁራጭ ለቅሞ ሊሠራው ይችላል። ሥራው ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ቁራጭም ውድ ነው። ውጤቱ ግን ያው መኪና ነው፤ ካምቢዮው ያው፣ መሪው ያው። ሣጥኑ ብቻ ነው የሚጎድለው።

ከባሕር ማዶ በዘመድ ሻንጣ አዲስ አበባ የሚገባ ሌጎም አብዛኛውን ጊዜ ሣጥን የለውም። ኪሎ ለመቆጠብ ሣጥኑ እዚያው ቀርቷል፤ ወይም የአክስት ልጅ ሲያድግ የተረፈ ነው፣ በፌስታል ታስሮ ይመጣል። ያን ፌስታል የሚቀበል ልጅ የትኛው ጡብ ከየትኛው ስብስብ እንደሆነ አያውቅም። ግን ሁሉም ይገጥማል። ያ ጡብ ስንት አገር፣ ስንት ቤት እንዲዞር ያደረገው መከፈቱ ነው።

ንብረቴ ነው፣ የፈለግሁትን ላደርግ መብቴ ነው የሚል አለ። መብቱ ነው። እኔ የምከራከረው ስለ መብት አይደለም፣ ይህ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው ስለሚባለው ነው። በዚህ ላይ አስቀማጭነት በራሱ ቤት ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። ሣጥኑ ወደ ገንዘብ ሲቀየር ሌባም ይመጣል፤ በ2024 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ከአንድ ቤት ከ2,800 በላይ የተሰረቁ የሌጎ ሣጥኖችን ይዟል። ኩባንያውም አንድ ሰው የሚገዛውን ሣጥን ቁጥር እየገደበ ይሸጣል። ለልጁ አንዲት ሣጥን ሊገዛ የመጣ አባት ባዶ መደርደሪያ የሚያገኝባቸው ጊዜያት ከዚህ ይመጣሉ።

ታሽጎ መቀመጥ ያለበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱን እቀበላለሁ። ኩባንያው ያወጣቸውን ስብስቦች የሚጠብቅበት ማኅደር ቢሉንድ ውስጥ አለው። ማኅደር ሥራው መጠበቅ ነው፤ አንድ ቅጂ ታሽጎ ለታሪክ ቢቀር ትክክል ነው። የግለሰብ ቁም ሣጥን ግን ማኅደር አይደለም። የሚጠብቀው ለታሪክ ሳይሆን ለገዢ ነው፤ ገዢውም ሳይከፍት ለሌላ ገዢ ይጠብቀዋል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሚገጣጥመው ሰው የትኛው ነው?

አዋቂ ሰው በመጫወቻ ምን ያደርጋል ለሚሉ ረጅም መልስ አልሰጥም። ኩባንያው ራሱ ከ2020 ጀምሮ ሣጥኖች ላይ 18+ ብሎ ይጽፋል። በካምቢዮና በዲፈረንሻል የሚደነቅ አዋቂ አሳፋሪ አይደለም። እንዲያውም የገንዘብ ወሬው ያደገበት አንዱ ምክንያት ይህ እፍረት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፦ ኢንቨስትመንት ነው ማለት እወደዋለሁ ከማለት ይቀላል። እወደዋለሁ ማለት ግን ምንም ኃጢአት የለውም።

ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል የሚለው የመጨረሻው ክርክራቸው ትክክል ነው፤ ይወርዳል። ይህ ግን ጡብ መገጣጠም ለሚፈልግ ሰው መልካም ዜና ነው። ሣጥኑ ለጠፋ፣ መመሪያው ለታጠፈ፣ ጡቡ ግን ሙሉ ለሆነ ስብስብ የሚጠየቀው ገንዘብ ለታሸገው ከሚጠየቀው በእጅጉ ያንሳል። ሁሉም የታሸገውን ሲያሳድድ ይህ በርካሽ ይቀራል፤ ጡቡ ግን ያው ጡብ ነው። የድሮ ስብስብ ስገዛ የምፈልገው ይህንን ነው፦ የተጠቀሙበትን፣ የተጫወቱበትን። ሁለት ሦስት ቁራጭ ቢጎድለው ከጀርመን ወይም ከዴንማርክ ሻጭ በሳንቲም ይመጣል፤ ከእነሱ ጋር ያልተሰነጠቀ የራስ ቁር ማዘዝም ይቻላል።